የአንድ ጥንታዊ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎችን ሕይወትና ሥራ እንዴት ተከታትሎ መጻፍ ይቻላል

በእንግሊዝ አገር ከተመሠረቱ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ዛሬም ያስተምራሉ። ዊንቸስተር በ1382፣ ኢተን በ1440፣ ሽሩዝበሪ በ1552፣ ራግቢ በ1567፣ ሃሮው በ1572 ተመሠረቱ፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ብዙዎቹ የተቀበሏቸውን ልጆች ስም መዝግበው ስላቆዩ፣ ዛሬ አንድ ትጉህ ሰው የአንድን ዘመን ተማሪዎች ስም ዝርዝር ይዞ ማን ቄስ እንደሆነ፣ ማን ህንድ ውስጥ ዳኛ ሆኖ እንደሞተ፣ ማን ከስሮ ወደ አውስትራሊያ እንደተሻገረ ሊከታተል ይችላል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ ከራግቢ ተማሪዎች አንዱ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነበር።

ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ በመዝገብ ላይ ካለች አንዲት መስመር ተነስቶ ወደ አንድ ሰው ሙሉ የሕይወት ታሪክ የሚደረስበትን መንገድ ያሳያል። መንገዱ የቆመበት መሠረት አንድ ነው፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ የሚለውን እያንዳንዱን ነገር ትምህርት ቤቱ እጁን ባላስገባበት ሌላ ሰነድ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ትምህርት ቤቶች የሚኮሩባቸውን ልጆች ደጋግመው ያወሳሉ፤ የቀሩትን ግን ፈላጊ ካልተነሣላቸው የሚያስታውሳቸው የለም። እኔ በበኩሌ የዚህ ጥናት ትልቁ ዋጋ ያለው በእነዚያ በቀሩት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መነሻው መዝገቡ

የመጀመሪያው ሥራ የተማሪዎችን መዝገብ ማግኘት ነው። መዝገቡ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ልጁ ሲገባ ርዕሰ መምህሩ ወይም ጸሐፊው በእጁ የጻፈው የመግቢያ መዝገብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ መምህራንና የቀድሞ ተማሪዎች አሰናድተው ያሳተሙት ጥራዝ ነው። የታተመው የራግቢ መዝገብ ከ1675 ይጀምራል። የሽሩዝበሪ የመግቢያ መዝገብ ደግሞ ከ1562 ጀምሮ ያሉ ስሞችን ይዟል፤ ገጣሚና ወታደር የነበረው ፊሊፕ ሲድኒና የዕድሜ ልክ ወዳጁ ፉልክ ግሬቪል በ1564 በአንድ ቀን ትምህርት ቤት መግባታቸው የታወቀው ከዚሁ ነው። የቅጂ መብታቸው ያለፈ ብዙ ጥራዞች ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይነበባሉ።

የታተመው ጥራዝ ለንባብ ይቀላል፤ ሆኖም እንዴት እንደተዘጋጀ ሳያውቁ ሊያምኑት አይገባም። አዘጋጆቹ በሕይወት ላሉ የቀድሞ ተማሪዎችና ለዘመዶቻቸው መጠይቅ በፖስታ ይልኩ ነበር። መልስ የላከው ሰው ከዩኒቨርሲቲ ማዕረጉ እስከ ጡረታው ድረስ ተዘርዝሮ ሲጻፍለት፣ መልስ ያልላከው ስሙ፣ የአባቱ ስምና የገባበት ዓመት ብቻ ቀርተዋል። ስለዚህ ከስሙ ሥር ምንም ያልተጻፈለትን ልጅ ሕይወቱ ያልተሳካለት አድርጎ መውሰድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ደብዳቤው ሳይደርሰው ቀርቶ ይሆናል፣ ኑሮው ከአገር ውጭ ሆኖ ይሆናል፣ ወይም መልስ መስጠት አልፈለገም ይሆናል። በሌላ በኩል ረጅሙ ጽሑፍም ባለቤቱ ስለ ራሱ የሰጠው ቃል በመሆኑ ያለ ምስክር መጽደቅ የለበትም።

ስሙን ሲያነቡ ወንድማማቾችን ይጠንቀቁ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ልጆች የሚጠሩት በቤተሰብ ስማቸው ስለነበር፣ በክፍል ዝርዝር ላይ ታላቁ ማጀር፣ ታናሹ ማይነር፣ ሦስተኛው ተርሺየስ የሚል ቅጥያ ይጨመርለታል። ታላቁ ትምህርቱን ጨርሶ ሲወጣ ትናንት ማይነር የተባለው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ማጀር ተብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው የሁለት ወንድማማቾችን ሕይወት ሰፍቶ አንድ ሰው ይፈጥራል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ይለዋወጣል። ልዑል ዓለማየሁን የእንግሊዝ ጸሐፊዎች እንደ ሰሙት «አላማዩ» በሚል ድምፅ በተለያየ ፊደል ጽፈውታል፤ በአንድ አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ማስረጃ ሳያየው ያልፋል።

ዕድሜንም ወዲያውኑ ወደ ልደት ዓመት አይቀይሩ። መዝገቡ በአንድ ዓመት ጃንዋሪ ላይ የገባ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው ካለ የተወለደው ከዚያ ዓመት አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ሁለቱንም ይያዙ። ከ1752 በፊት ባሉ መዝገቦች ደግሞ በእንግሊዝ አገር ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ቀን ስለነበር፣ በፌብሩዋሪ 1640 ገባ የተባለ ልጅ በዛሬው አቆጣጠር የገባው በ1641 ነው። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል ሲመላለስ የኖረ የእኛ አገር አንባቢ ይህን ለመያዝ አይቸገርም።

ሰውየው ያው ሰው መሆኑን ማረጋገጥ

ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ ይክፈቱ፤ በገጹ ላይ የተገኘው ቃል፣ የተገኘበት ሰነድና የተጻፈበት ቀን ጎን ለጎን ይስፈሩ። ሁለት ሰነዶች ስለ አንድ ሰው የሚናገሩ መሆናቸውን ለመቀበል ስም ብቻውን አይበቃም። ከስሙ ሌላ ቢያንስ ሁለት ነገሮች፣ ለምሳሌ የአባት ስምና የትውልድ ስፍራ፣ ወይም የልደት ዘመንና ሙያ፣ ሊገጥሙ ይገባል።

ከ1837 ጁላይ 1 ቀን ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ይመዘገባል። የዚህ የወሳኝ ኩነት መዝገብ ማውጫ ፍሪ ቢ ኤም ዲ በተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይፈለጋል፤ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ግን ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት በክፍያ ማዘዝ ያስፈልጋል። ከ1837 በፊት ለነበሩት በ1538 በወጣ ትእዛዝ መያዝ የተጀመረው የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ አለ።

የሕዝብ ቆጠራ ከ1841 ጀምሮ የሁሉንም ስም ይዞ በየአሥር ዓመቱ እስከ 1921 ድረስ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። አዳሪ ተማሪዎች የሚቆጠሩት ባደሩበት ቤት፣ ከቤቱ ኃላፊ መምህርና ከአገልጋዮቹ ጋር በመሆኑ፣ ከ1851 ወዲህ ያለው ገጽ ልጁ ከነማን ጋር ይኖር እንደነበረና የት እንደተወለደ በአንድ ጊዜ ያሳያል። ችግሩ ቆጠራው ብዙውን ጊዜ በማርች መጨረሻ ወይም በኤፕሪል መጀመሪያ ይደረግ ስለነበር አንዳንድ ዓመት ከፋሲካ ዕረፍት ጋር መግጠሙ ነው፤ ልጁን በትምህርት ቤቱ ካጡት በወላጆቹ ወይም በዘመዶቹ ቤት ይፈልጉት። በሁለት ቆጠራዎች መካከል የወደቀ የትምህርት ዘመንም አለ፤ ልዑል ዓለማየሁ በቼልተንሃምና በራግቢ የተማረው ከ1871 ቆጠራ በኋላ ሲሆን ከ1881ዱ በፊት አርፏል። የ1931 ቆጠራ በ1942 በእሳት የጠፋ ሲሆን የ1941ዱ ከነጭራሹ አልተካሄደም፤ ለዚያ ዘመን በ1939 ሴፕቴምበር 29 የተደረገው የነዋሪዎች ምዝገባ ይረዳል።

ከተማሪው ጎን መምህራኑንም መመልከት ብዙ ይከፍታል። ልዑሉ ከቼልተንሃም ወደ ራግቢ ለምን እንደተዛወረ ከስሙ ሥር ብቻ የሚፈልግ ሰው መልስ አያገኝም። የቼልተንሃምን ርዕሰ መምህር የቶማስ ጄክስ ብሌክን የሥራ ታሪክ የተመለከተ ግን በ1874 ወደ ራግቢ ርዕሰ መምህርነት እንደተዛወሩ ያያል፤ ልጁ በእርሳቸው ኃላፊነት ሥር ስለነበር አብሯቸው ሄደ። ከራግቢ በኋላ በ1878 ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያ አልተመቸውምና በሚቀጥለው ዓመት አስጠኚው ወደነበሩት ወደ ሲሪል ራንሰም ሊድስ አጠገብ ሄዲንግሊ ሄደ፣ በዚያም በሳንባ ሕመም ታሞ ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ መዝገብ፣ የጦር ትምህርት ቤቱ ሰነድ፣ የሞት ምዝገባውና የዘመኑ ጋዜጦች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁራጭ ያቀብላሉ፤ አንዳቸውም ብቻቸውን ያን አጭር ሕይወት አይነግሩንም።

ዩኒቨርሲቲና ቤተ ክርስቲያን

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ትምህርታቸውን ከቀጠሉት አብዛኞቹ የሚገቡት ኦክስፎርድ ወይም ካምብሪጅ ነበር። የካምብሪጅ ተማሪዎችን እስከ 1900 ድረስ ጆን ቬንና ልጁ በአሥር ጥራዝ አሰባስበዋቸዋል፤ የኦክስፎርድን ከ1500 እስከ 1886 ድረስ ጆሴፍ ፎስተር አዘጋጅቷል። የቬን ሥራ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የመረጃ ቋት ውስጥ በስም፣ በትምህርት ቤትና በዓመት ሊፈለግ ስለሚችል፣ ከአንድ ትምህርት ቤት የወጡትን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለማውጣት ያስችላል። ልጁን በሁለቱም ካጡት ቤተሰቡ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ሃይማኖት ተከታይ እንደሆነ ይጠይቁ። ኦክስፎርድ እስከ 1854፣ ካምብሪጅ እስከ 1856 ድረስ የሌላ እምነት ተከታዮችን ከዲግሪ ይከለክሉ ስለነበር፣ እነዚህ ልጆች በ1826 በተመሠረተው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወይም በስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ።

ከዩኒቨርሲቲ የወጡት ብዙዎቹ ካህናት ይሆኑ ነበር፤ የካህናትን ሕይወት ማንበብም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ለመሆን ሃያ ሦስት፣ ቄስ ለመሆን ሃያ አራት ዓመት መሙላት ግድ ስለነበር፣ በእኛ ዘንድ ዲያቆን ገና በልጅነቱ ሲሾም ማየት የለመደ አንባቢ በሃያ ሦስት ዓመቱ ዲያቆን የሆነን ሰው ዘግይቷል ብሎ እንዳያስብ። ክህነቱ ከ1540 እስከ 1835 ባለው ዘመን ከሆነ የካህናት የመረጃ ቋት አለ፤ ከ1858 ወዲህ ደግሞ ክሮክፎርድ የተባለው የካህናት ማውጫ የተሾመበትን ዓመትና ያገለገለባቸውን አጥቢያዎች በተራ ያስቀምጣል።

አሁን አንድ ተደጋግሞ የሚታይ ነገር ልግለጽ። አንድ ጎበዝ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በማዕረግ ይመረቃል፣ የኮሌጁ አባል መምህር ሆኖ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ በአርባ ዓመቱ ገደማ በድንገት ወደ አንዲት ትንሽ የገጠር አጥቢያ ሄዶ በዚያው ዓመት ያገባል። ችኩል ጸሐፊ ይህን ውድቀት ወይም ስደት አድርጎ ይተረጉመዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የኮሌጅ አባላት ከ1870ዎቹና ከ1880ዎቹ ለውጥ በፊት በአብዛኛው ማግባት አይፈቀድላቸውም ነበር፤ ኮሌጆቹ ደግሞ ካህን የመሾም መብት ያላቸው አጥቢያዎች ስለነበሯቸው፣ አንዱ አጥቢያ ባዶ ሲሆን በአባልነት ዕድሜ ቀዳሚ ለሆነው ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ሰውየው ዓመታት ሙሉ ተራውን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ምናልባት የታጨችውም ሴት አብራው ጠብቃለች። በሦስት የተለያዩ መዝገቦች ላይ ያሉ ሦስት ደረቅ ቀኖች፣ አባልነቱን የተወበት፣ አጥቢያውን የተቀበለበትና ያገባበት ቀን፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህን ሁሉ ይናገራሉ። የሥራ ታሪክን ከጋብቻና ከቤተሰብ ታሪክ ነጥለው አይጻፉ የምለውም ለዚህ ነው።

ጦር ሠራዊት፣ ህንድና ቅኝ ግዛቶች

የመኮንንን ሥራ ለመከተል ከ1665 ጀምሮ የሚታተመው ለንደን ጋዜት የተባለው የመንግሥት ጋዜጣ ዋናው ምንጭ ነው፤ ሙሉ በሙሉ በነፃ ይነበባል። በ1871 የማዕረግ ሽያጭ እስኪሻር ድረስ በእግረኛና በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ሹመት በገንዘብ ይገዛ ስለነበር፣ ጋዜጣው «እገሌ፣ ጡረታ በወጣው በእገሌ ምትክ፣ በግዢ፣ መቶ አለቃ ይሁን» በሚል አጻጻፍ ያወጣዋል። «በግዢ» የሚለውን ቃል ሳያዩ አይለፉ፤ ከማዕረጉ ጋር የቤተሰቡን አቅም ይነግርዎታል። «ያለ ግዢ» ከተባለ ደግሞ ከፊቱ የነበረው ሰው ሞቶ ሊሆን ስለሚችል የዚያን ሰሞን ውጊያ ወይም ወረርሽኝ ይፈልጉ። የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የጦር መኮንኖችን ዓመታዊ ዝርዝር በነፃ አቅርቧል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት መኮንኖች ፋይሎች ለንደን ውስጥ ኬው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ደብልዩ ኦ 339 እና 374 በሚሉ ቁጥሮች ሥር ተቀምጠዋል። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የወጡ ሁሉ መኮንን ሆነው አልዘመቱም፤ ተራ ወታደር ሆኖ የዘመተው ግን ፋይሉ በ1940 የቦምብ ድብደባ ከተቃጠሉት ብዙ ፋይሎች ጋር ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ለሞቱት የጦር መቃብሮች ኮሚሽን የስም ፍለጋ ይረዳል። የትምህርት ቤቱ የመታሰቢያ ሰሌዳ ግን ብቻውን አይበቃም፤ በዚያ ላይ ስሙ የተቀረጸ ሰው ሌላ ትምህርት ቤት ተምሮ በሁለት ሰሌዳ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ህንድ ለሄዱት መለያው ዓመት 1855 ነው። ከዚያ በፊት የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ የሲቪል አስተዳደር ሹመት በዳይሬክተሮች ጥቆማ ይገኝ ስለነበር ልጁን ከዳይሬክተሩ ጋር ያገናኘውን ዘመድ ወይም ወዳጅ መፈለግ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ግን በውድድር ፈተና ነው። በህንድ የተጠመቁ፣ የተጋቡና የተቀበሩ እንግሊዛውያን መዝገብ ወደ ለንደን ይላክ ስለነበር በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የህንድ ጽሕፈት ቤት ክፍል ይገኛል። ወደ ሌሎች ቅኝ ግዛቶች የተሾሙትን ከ1862 ጀምሮ የታተመው የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤት ዝርዝር ይዟቸዋል።

ሐኪሞችና ጠበቆች ለመከተል ይቀላሉ። ሐኪሞች ከ1859 ወዲህ በሕክምና መዝገብ በየዓመቱ ሲታተሙ፣ በፍርድ ቤት የሚከራከሩ ጠበቆች ደግሞ ለንደን ካሉት አራቱ የሕግ ማኅበራት፣ ማለት ከሊንከንስ ኢን፣ ከኢነር ቴምፕል፣ ከሚድል ቴምፕልና ከግሬይስ ኢን፣ በአንዱ መዝገብ ይገኛሉ።

ደብዛቸው የጠፋ

በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ከአሥራ ስድስት ዓመታቸው በኋላ ደብዛቸው የሚጠፋ ልጆች አሉ፤ ትዕግሥት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሞቱን ይፈልጉ፤ በአዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ወይም እንደወጣ በሕመም የሞተ ልጅ ብዙ ነውና። ቀጥሎ የስም ለውጥን ይመርምሩ። ከእናቱ ወገን ርስት የወረሰ ሰው በንጉሣዊ ፈቃድ የቤተሰብ ስሙን ይለውጥ ነበር፤ ይህም በለንደን ጋዜት ይወጣ ነበር። የኪሣራ ማስታወቂያም የሚወጣው በዚያው ጋዜጣ ነው፤ ነጋዴ ለሆኑት፣ የትምህርት ቤት ጥራዞች ብዙም ላልተጨነቁላቸው፣ ይህ ጥሩ ምንጭ ነው።

ከአገር ወጥቶ ከሆነ ከ1890 እስከ 1960 ከብሪታንያ ወደቦች የተነሡ መንገደኞች ዝርዝር ቢ ቲ 27 በሚል ቁጥር በኬው አለ። የአውስትራሊያ ጋዜጦች ትሮቭ በተባለው፣ የኒውዚላንድ ደግሞ ፔፐርስ ፓስት በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይነበባሉ፤ እዚያ የሞተ ሰው የሞት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የተማረበትን ትምህርት ቤት ስም ይጠቅሳል። «ራግቢ» የሚለውን ቃል ከቤተሰብ ስሙ ጋር አጣምረው ይፈልጉ።

የትምህርት ቤት መጽሔቶችም፣ ለምሳሌ ከ1866 የጀመረው ዋይካሚስት የተባለው የዊንቸስተርና ከ1867 የጀመረው ሜቲየር የተባለው የራግቢ መጽሔት፣ ከጥራዙ የቀሩ ወሬዎችን ይዘዋል፤ ነገር ግን የሐዘን ጽሑፎቻቸው የቤተሰብን ስሜት ስለሚጠብቁ «በድንገት አረፈ» ሲሉ የሞት ምስክር ወረቀቱንና በሞቱ ምክንያት ላይ የተደረገ ምርመራ ካለ የአካባቢውን ጋዜጣ መመልከት ያስፈልጋል። ያገኙትን ሁሉ ማተም አለብዎት ማለት ግን አይደለም።

ኑዛዜ

ከ1858 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የጸደቀ ኑዛዜ በሙሉ በፊደል ተራ በየዓመቱ በተዘጋጀ ማውጫ ላይ ሰፍሯል፤ የሟቹን አድራሻ፣ የሞተበትን ቀን፣ የአስፈጻሚዎቹን ስምና የንብረቱን ግምት ይሰጣል። ከዚያ በፊት የነበሩ የባለጠጎች ኑዛዜዎች በካንተርበሪ ፍርድ ቤት የጸደቁ ሲሆን ዛሬ በኬው ፕሮብ 11 በሚል ቁጥር ይገኛሉ። በማውጫው ላይ ያለው ገንዘብ ግን እስከ 1898 ድረስ መሬትንና ቤትን አይጨምርም። ሰፊ ርስት የነበረው ሰው በጥቂት መቶ ፓውንድ የሞተ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ በዚህ ቁጥር ብቻ ሁለት የክፍል ጓደኞችን ማወዳደር ልክ አይሆንም። የኑዛዜው ሙሉ ቃል ከማውጫው ይበልጣል፤ አስፈጻሚ ሆኖ የተጠራው ሰው ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት ጓደኛ ስለሆነ፣ ስሙን ይዘው ወደ መዝገቡ ይመለሱና በአንድ ቤት አድረው እንደሆነ ይመልከቱ።

ለትምህርት ቤቱ መጻፍና የተገኘውን ማቅረብ

አብዛኞቹ ጥንታውያን ትምህርት ቤቶች የመዝገብ ቤት ኃላፊ አላቸው። ሲጽፉላቸው «ስለ እገሌ ያላችሁን ሁሉ ላኩልኝ» ከማለት፣ የተማሪውን ሙሉ ስም፣ የገባበትን ዓመት፣ እስካሁን የተመለከቷቸውን ሰነዶችና አንድ ወይም ሁለት ግልጽ ጥያቄዎች ያቅርቡ፤ ለምሳሌ ልጁ በየትኛው ቤት እንዳደረ፣ ወይም ከትምህርት ቤቱ የወጣበት ወር በመዝገቡ ይታይ እንደሆነ ይጠይቁ። በሕይወት ያሉ ሰዎች መረጃ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ለቅርብ ዘመን ተማሪዎች ፈቃድ ሊከለከሉ ይችላሉ፤ ለጀማሪ ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩትን መምረጥ ይሻላል።

ሲጽፉ አንድን ዓመት ይምረጡና በዚያ ዓመት የገቡትን በሙሉ ይዘው ይሂዱ እንጂ ከመቶ ዓመት ውስጥ ዝነኞችን አይልቀሙ። ሽሩዝበሪን ቻርለስ ዳርዊን ከ1818 እስከ 1825 ስለተማረበት፣ ወይም በ1924 ኤቨረስት ላይ ስለጠፋው አንድሩ ኧርቪን ስንል እናነሣዋለን፤ ትምህርት ቤቱ ምን ዓይነት ሰዎችን እንዳወጣ ለማወቅ ግን ከዳርዊን ጋር የገቡት ልጆች ሁሉ የት ደረሱ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያላገኟቸውንም ስማቸውን ሳያስቀሩ «ከትምህርት ቤት በኋላ አልተገኘም» ብለው ያስፍሩ፤ በሰነድ ያረጋገጡትን «ነው» ብለው፣ ከሰነዶች ተነሥተው የገመቱትን «ይመስላል» ብለው ይለዩ። በመጨረሻም የታተመውን ጥራዝ የሚያርም ነገር ካገኙ የሰነዱን ቅጂ አያይዘው ለትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ይላኩ፤ ቀጥሎ ያንን ልጅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው እነርሱን ነውና።